ያልተሰማ አቤቱታ

የሰኞውን የዳዊት መዝሙር ስደግም ሦስተኛው መዝሙር ላይ በደረስሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የዘመረው እንደሆነ በርእሱ ተጽፏል፤ በመዝሙሩ ውስጥ ግን የሚያስጨንቁት መብዛታቸውን ለአምላኩ ሲናገር የልጁን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም። ዛሬ ከዚያ ማለፍ ስላቃተኝ ታሪኩን ከሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ጀምሬ እንደገና አነበብሁት።

አቤሴሎም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ትዕቢቱና ስለ ፀጉሩ ነው። እኔ የውድቀቱን መጀመሪያ የማየው ግን ለእኅቱ ለትዕማር ፈራጅ በጠፋበት ቀን ነው። ከሌላ እናት የተወለደው ወንድሟ አምኖን በግድ አስነውሮ ካስወጣት በኋላ፣ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ሄደች። ንጉሡ ሰምቶ እጅግ ተቆጣ፤ በበኩር ልጁ ላይ ግን የወሰደው እርምጃ አልተጻፈም። አቤሴሎምም እኅቱን ዝም እንድትል ነግሮ በቤቱ አስቀመጣት፤ አምኖንን ክፉም ደግም ሳይናገረው 2 ዓመት ከቆየ በኋላ በበጎች ሽለታ ግብዣ ላይ አስገደለው። ከዚያ እናቱ ወደተወለደችበት ወደ ጌሹር ሸሽቶ 3 ዓመት ተቀመጠ። በንጉሡ የጦር አለቃ በኢዮአብ ብልሃት ቢመለስም፣ አባቱ ሌላ 2 ዓመት በአንዲት ከተማ እየኖሩ ፊት ነሣው፤ ከንጉሡ የሚያገናኘው ቢያጣ የኢዮአብን የገብስ እርሻ እስከ ማቃጠል ደረሰ። በመጨረሻ ንጉሡ ሳመው። ስለ ትዕማርም ሆነ ስለ አምኖን በአባትና በልጅ መካከል የተነገረ አንድ ቃል ግን በዚያ አናገኝም።

ከዚህ በኋላ ነው ሠረገላና ፈረሶች፣ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጅቶ፣ በማለዳ በበሩ መንገድ አጠገብ መቆም የጀመረው። ለፍርድ የሚመጣውን ሁሉ ነገርህ መልካምና ቅን ነው፤ ነገር ግን ከንጉሡ ዘንድ የሚሰማህ የለም ይለው ነበር። ቃሉ የሕዝቡን ልብ ለመስረቅ የተነገረ ሽንገላ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ቢሆንም ይህን ባነበብሁ ጊዜ የትዕማር ጩኸት ይሰማኛል፤ በዳዊት ቤት ውስጥ አቤት ብላ የሚሰማት ያጣችው እርሷ ነበረችና፣ ሽንገላው ከእውነተኛ ቁስል የወጣ ይመስለኛል።

አቤሴሎምን ነፃ ለማውጣት አይደለም ይህን የምጽፈው። ስእለቴን ልፈጽም ብሎ ነገሩን ያላወቁ 200 ሰዎች አስከትሎ ኬብሮን ወርዶ ነገሠ፤ ሽማግሌ አባቱም ባዶ እግሩን እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ። ከሁሉ የከፋብኝ ደግሞ፣ የዳዊት አማካሪ ሆኖ ሳለ ወደ እርሱ በዞረው በአኪጦፌል ምክር በሰገነት ላይ ድንኳን አስተክሎ፣ እስራኤል ሁሉ እያየ ወደ አባቱ 10 ቁባቶች መግባቱ ነው። ስለ እኅቱ መደፈር ወንድሙን የገደለው ሰው፣ ምንም ያልበደሉትን ሴቶች የሥልጣኑ ማሳያ አደረጋቸው። ለእኔ አቤሴሎም የወደቀው እዚያ ሰገነት ላይ ነው።

የቀረውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። አኪጦፌል 12,000 ሰዎች ይዤ በዚህች ሌሊት ዳዊትን ላሳድደው ሲል፣ አቤሴሎም የዳዊት ወዳጅ የኩሲን የመዘግየት ምክር መረጠ፤ ዳዊትም ዮርዳኖስን ተሻግሮ ለመዘጋጀት ጊዜ አገኘ። በኤፍሬም ዱር በተደረገው ውጊያ፣ አቤሴሎም በበቅሎ ሲሄድ ራሱ በትልቅ ዛፍ ተይዞ ተንጠለጠለ፤ ኢዮአብም ሦስት ጦር በልቡ ተከለ። ዳዊት ሠራዊቱን ሲሰድድ ለብላቴናው እንዲራሩለት በሕዝቡ ሁሉ ፊት አዝዞ ነበር። መርዶውን በሰማ ጊዜ ልጄ እያለ አምስት ጊዜ ጠራው፤ በእርሱ ፋንታ መሞትን ተመኘ። ያን ሁሉ ፍቅር አቤሴሎም ሳይሰማው መሞቱ ያስለቅሰኛል።

ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ እነዚያን 10 ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ አስጠበቃቸው፤ እየቀለባቸው፣ እስኪሞቱ ድረስ እንደ መበለት ተዘግተው ኖሩ። ለእነርሱም ምን በደሉ ብሎ የጠየቀላቸው ሰው አልተጻፈም። ስለ አቤሴሎም ዐመፅ የሚያስተምሩ መምህራን ስለ እነዚህ ሴቶችና በወንድሟ ቤት ብቻዋን ስለ ተቀመጠችው ስለ ትዕማር አብዝተው ቢነግሩን ከልቤ እወድዳለሁ።