ሴት ውሻ በስንት ወሯ ትምከን?

ከለገጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየግቢው የሚታየው ውሻ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቤት 15 ኪሎ የምትመዝን የሐበሻ ውሻ አለች፤ ጎረቤት ደግሞ 35 ኪሎ የደረሰች የጀርመን ሼፐርድ ድቅል። «ስድስት ወር ሲሞላት ትምከን» የሚለው ምክር ለመጀመሪያዋ ጥሩ ነው። ለሁለተኛዋ ግን ይቸኩላል።

ትንሿን ቶሎ የምናስመክናት ለጡት ካንሰር ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳለው፣ ካልመከነች ውሻ ጋር ሲነጻጸር ስጋቱ የመጀመሪያውን የስሪያ ደም ሳታይ ለመከነች 0.5 በመቶ፣ አንዴ ካየች በኋላ 8፣ ሁለቴ ካየች በኋላ 26 በመቶ ነው። ቁጥሮቹን ቆይተው የመረመሩ ባለሙያዎች ማስረጃው ደካማ ነው ብለዋል፤ እኛ ግን አሁንም ቶሎ ማምከኑን እንመርጣለን።

ትልቋ ላይ ነገሩ ይለወጣል። አጥንት እድገቱን እንዲያቆም የሚያዘው የእንቁላል እጢ ሆርሞን ነው። በማምከን እጢው ቶሎ ከወጣ እግሯ ከልኩ በላይ ይረዝማል፣ መገጣጠሚያዋም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሮትዋይለር በተባሉ ትልልቅ ውሾች ላይ በወጣ ጥናት ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ከመከኑት ከአራቱ አንዱ ገደማ የአጥንት ካንሰር ይዞታል። ስለዚህ ከ20 ኪሎ በላይ የምትሆን ከሆነ ዓመት ይለፋት። ደም ላይ እያለች አይሁን፤ የደም ስሮቿ ስለሚያብጡ ብዙ ይፈሳታል። ደሙ ካቆመ ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ።

እስከዚያ ግን በሩ ይዘጋ! በስሪያ የሚተላለፍ ካንሰር አለ፤ ሕዋሱ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል። ብልቷ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያለ ሥጋ ያበቅላል፣ ደም ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቱ የስሪያ ደም መስሎት ይዘናጋል፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪም ይያት። ቪንክሪስቲን የተባለው በደም ስር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሰጥ ብዙዎቹ ይድናሉ። መድኃኒቱ ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ስለሚያቃጥል ውሻዋን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

በወር አንዴ በጀርባዋ አስተኝታችሁ ጡቶቿን አንድ በአንድ በሁለት ጣት እያሻችሁ ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ አሥር ናቸው፤ እብጠት የሚበዛው ወደ ታፋ ባሉት አራቱ ላይ ነው። ሽምብራ የምታክል ነገር ካገኛችሁ እስክታድግ አትጠብቁ፤ ከ3 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ የወጣ እጢ የተሻለ ተስፋ አለው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ደረቷ በራጅ ይታይ፤ የጡት ካንሰር ወደ ሳንባ ይሄዳልና።