የባትል ክሪክ ቁስለኞች

በዲሴምበር 2012 ከአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ፣ ከካፒቶል ክብ አዳራሽ የተላለፈውን አንድ ትዕይንት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሃዋዩ ሴናተር የዳንኤል ኢኖዌ አስከሬን በአዳራሹ መካከል አርፎ ሳለ፣ የ89 ዓመቱ የካንሳስ የቀድሞ ሴናተር ቦብ ዶል በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ወደ ሳጥኑ ሲቃረቡ ግን ወንበሩን አስቁመው፣ በሰው ተደግፈው ተነሡ፤ ዳኒ በወንበር ተቀምጬ እንዲያየኝ አልፈልግም ብለው ነበር። ጥቂት ተራምደው በግራ እጃቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ወታደር ሰላምታ የሚሰጠው በቀኝ እጁ ነው። የዶል ቀኝ እጅ ግን ከ1945 ጀምሮ አይታዘዛቸውም ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ያረፉት ሰውም ቀኝ ክንዳቸውን ያጡት በዚያው ዓመት፣ በዚያው በጣሊያን ምድር፣ በሰባት ቀን ልዩነት ነው። አንዱ ሪፐብሊካን፣ ሌላው ዴሞክራት ነበሩ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትውልድ የአሜሪካን ፖለቲካ አርባ ዓመት ያህል መርቶታል። ከ1953 እስከ 1993፣ ከአይዘንሃወር እስከ አባት ጆርጅ ቡሽ፣ ዋይት ሐውስ የገቡት ስምንቱም ፕሬዚዳንቶች በጦርነቱ ዘመን የደንብ ልብስ የለበሱ ነበሩ፤ ካርተር እንኳ በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአሥር የኮንግረስ አባላት ከሰባት የማያንሱት በአንድ ወቅት ወታደር ሆነው ያገለገሉ ናቸው። ስለዚህ ትውልድ ሲነሣ «አብረው ስለተዋጉ ይግባቡ ነበር» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። የሕይወት ታሪካቸውን ባነበብሁ ቁጥር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። እነዚህ ሰዎች አንዳቸው ሌላውን በጣም የሚያስቀይም ነገር ተናግረዋል፤ ስለ ጦርነትም ተቃራኒ ድምፅ ሰጥተዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ጎልቶ የማየው፣ ሰው ሲወድቅ ማን እንደሚያነሣው በገዛ ገላቸው ማወቃቸው ነው። ያደግሁበት ሰፈር ከግንባር በክራንች የተመለሱ አንድ ጎረቤት ነበሩን፤ እኛ ልጆች እግራቸውን እናይ ነበር እንጂ ምን እንደሆኑ ጠይቀናቸው አናውቅም። ምናልባት የዶልንና የኢኖዌን ታሪክ ይህን ያህል የምከታተለው በእርሳቸው ምክንያት ይሆናል።

ዶል ከካንሳስ ግዛት፣ ራስል ከምትባል ትንሽ ከተማ የተነሡ፣ ሐኪም ለመሆን ያሰቡ ስፖርተኛ ወጣት ነበሩ። በአፕሪል 14 ቀን 1945 በሰሜን ጣሊያን ተራሮች፣ በካስቴል ዳያኖ አቅራቢያ፣ የ10ኛው ተራራማ ክፍለ ጦር ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ወታደሮቻቸውን ይመሩ ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛቸው ተመትቶ ሲወድቅ ወደ ሽፋን ሊጎትቱት ሞከሩ፤ በዚያው ቅጽበት ቀኝ ትከሻቸውና ጀርባቸው ተመታ። አንድ ባልደረባቸው ሞርፊን ወጋቸውና ሌላ ሰው ደግሞ ወግቶ እንዳይገድላቸው በገዛ ደማቸው ግንባራቸው ላይ የሞርፊንን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈባቸው። ከወደቁበት እስኪነሡ ዘጠኝ ሰዓት ያህል አለፈ። በአውሮፓ ጦርነቱ ያበቃው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሦስት ዓመት በላይ ከሆስፒታል ሆስፒታል ተንከራተቱ። ክብደታቸው ከ194 ፓውንድ ወደ 122 ወረደ፤ አንድ ኩላሊታቸው ወጣ፤ በኢንፌክሽን ሊሞቱ ሲሉ ገና በሙከራ ላይ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን አዳናቸው። መብላትና ልብስ መልበስ በግራ እጅ እንደ ሕፃን እንደ አዲስ ተማሩ። የራስል ሰዎች በከተማው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ባዶ የሲጋር ካርቶን አስቀምጠው ለሕክምናቸው ገንዘብ አዋጡ፤ ሳንቲም የጣለ አለ፣ ዶላር የጣለ አለ፤ 1,800 ዶላር ያህል ተሰበሰበ። ያቺን ካርቶን ዶል ዕድሜ ልካቸውን አስቀምጠዋታል። የቺካጎው የአጥንት ሐኪም ሐምፓር ኬሊኪያን ደግሞ ደጋግመው ሲያክሟቸው የድካማቸውን ዋጋ አልጠየቁም። ኬሊኪያን በልጅነታቸው ከአርመኖች ፍጅት ያመለጡ ስደተኛ ሲሆኑ፣ ወንድማቸው የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ጣሊያን ውስጥ ሞቶባቸዋል። ተአምር እንዳይጠብቁ፣ በቀራቸው አካል መሥራትን እንዲለምዱ ለዶል የነገሯቸው እኚህ ሐኪም ናቸው። በ1990 ዶል የአርመኖች ፍጅት በሴኔት ውሳኔ እንዲታሰብ አጥብቀው ሲታገሉ፣ ብዙዎች ከካንሳስ የመጣን ሰው ይህ ጉዳይ ምን አገባው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። መልሱ ያለው በዚያ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው።

ኢኖዌ ደግሞ የሆኖሉሉ ልጅ፣ የጃፓን ስደተኞች ዘር ነበሩ። ፐርል ሃርበር በተደበደበበት ዕለት ገና 17 ዓመታቸው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ስለሠለጠኑ ቁስለኞችን ሲረዱ ዋሉ፤ እርሳቸውም ሐኪም የመሆን ሕልም ነበራቸው። በአብዛኛው በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች በ1942 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ሲታጎሩ፣ ኢኖዌና መሰሎቻቸው በ442ኛው የውጊያ ክፍል ተሰልፈው ወደ አውሮፓ ዘመቱ። በአፕሪል 21 ቀን 1945 በሳን ቴሬንዞ አጠገብ በጀርመን መትረየሶች ላይ ሲወጡ ቀኝ ክንዳቸው በተተኮሰ ቦምብ ክርናቸው ላይ ተበጠሰ፤ ሊወረውሩት የነበረው የእጅ ቦምብ ግን በማይታዘዛቸው እጅ ውስጥ ተጨብጦ ቀረ። ወታደሮቻቸው ሊረዷቸው ሲሮጡ «አትቅረቡ» ብለው ጮኹ፤ ቦምቡን በግራ እጃቸው ፈልቅቀው ወረወሩት። ክፍላቸው በዚያን ጊዜ ከ92ኛው ክፍለ ጦር፣ ማለትም ከጥቁር ወታደሮች ክፍል ጋር ተጣምሮ ይዋጋ ስለነበር፣ ከሞት ያዳናቸው ደም በአብዛኛው ከጥቁር ወታደሮች የተለገሰ መሆኑን ኢኖዌ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይናገሩ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ወደ አንድ ፀጉር ቤት ገቡ። የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ ሜዳሊያ አንጠልጥለዋል፣ በቀኝ እጃቸው ፋንታ የብረት መንጠቆ አላቸው። ፀጉር ቆራጩ «የጃፓን ፀጉር አንቆርጥም» አላቸው።

ሁለቱ የተገናኙት በሚሺገን ግዛት፣ በባትል ክሪክ ከተማ፣ ፐርሲ ጆንስ በተባለው የጦር ሆስፒታል ነው። ሕንፃው ቀድሞ በቁርስ እህሉ ስሙን የምናውቀው የኬሎግ ቤተሰብ የጤና ማዕከል ነበር፤ ሠራዊቱ ገዝቶ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች መታከሚያ አደረገው። በኖርማንዲ የዩታ ባሕር ዳርቻ ላይ በመጀመሪያው ቀን ክንዳቸውን የቆሰሉት ፊሊፕ ሃርትም በዚያው ታክመዋል። ኢኖዌ ደጋግመው እንደሚተርኩት፣ ከዚህ ስትወጣ ምን ልትሆን ነው ብለው ዶልን ሲጠይቋቸው፣ ሕግ ተምሬ፣ ለግዛቴ ምክር ቤት ተወዳድሬ፣ ቦታ ሲገኝ ኮንግረስ እገባለሁ ብለው መለሱላቸው። ኢኖዌ ሐሳቡን ወደዱት፤ ሃዋይ በ1959 ግዛት ስትሆን ተመርጠው ኮንግረስ የገቡት ግን ከዶል ቀድመው ነው። ሦስቱም ሴናተሮች ሆኑ። ሕንፃው ዛሬ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ማዕከል ሲሆን የሦስቱንም ስም ይዟል።

ዶል ሴኔት ከገቡ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉት በአፕሪል 14 ቀን 1969፣ በቆሰሉበት ዕለት 24ኛ ዓመት ነው፤ የተናገሩትም ስለ አካል ጉዳተኞች ነበር። ቀኑን አስበውበት እንደመረጡት አያጠራጥርም። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሲጸድቅ ከዋና ደጋፊዎቹ አንዱ ሆኑ። በግራ እጃቸው የሚጨብጡት፣ በቀኙ ግን እስክሪብቶ የሚይዙት፣ ሰው ሳያውቅ ያንን እጅ እንዳይጎትተው ለመከላከል ነበር። በማንኛውም የአሜሪካ ከተማ ተሽከርካሪ ወንበርን ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ የሚያወርደውን ተዳፋት ባየሁ ጊዜ ያቺ እስክሪብቶ ትዝ ትለኛለች። ኢኖዌ በበኩላቸው ከሌሎች የጃፓን ዘር ካላቸው የኮንግረስ አባላት ጋር ሆነው፣ በካምፕ የታጎሩት ወገኖቻቸው ይቅርታና ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ እንዲያገኙ በ1988 ለጸደቀው ሕግ ታግለዋል።

ሀገር ለሁሉም ተመላሽ ወታደር እኩል እንዳልተቀበለች ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በፌብሩዋሪ 1946 አይዛክ ዉዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከሠራዊቱ በተሰናበተ በሰዓታት ውስጥ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በሳውዝ ካሮላይና ፖሊስ ሁለቱንም ዓይኖቹን በዱላ አጥፍቶበታል። በዚያው ዓመት ከኖርማንዲ የተመለሱት ሜድጋር ኤቨርስ በሚሲሲፒ ድምፅ ሊሰጡ ሲሄዱ የታጠቁ ነጮች መለሷቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ ሻምበል የነበሩት ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የዉዳርድን ታሪክ ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ በጁላይ 1948 በሠራዊቱ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር አዘዙ። ኤቨርስ ግን ለመምረጥ መብት ሲታገሉ በ1963 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመምረጥ መብት ሕግ በሴኔት ሲያልፍ ክርክሩን ከመሩት አንዱ የባትል ክሪኩ ፊሊፕ ሃርት ነበሩ።

የዚህ ትውልድ ትልቁ ጥፋት ቬትናም ነው። ከሂትለር ጋር በሙኒክ የተደረገው ስምምነት ምን እንዳስከተለ በወጣትነታቸው ያዩ ሰዎች፣ ለወራሪ መሸነፍ ጦርነትን አያስቀርም የሚለውን ትምህርት በማይመስለው ቦታ ሁሉ ይጠቀሙበት ጀመር፤ ሊንደን ጆንሰን በ1965 ተጨማሪ ጦር ሲልኩ ምክንያታቸውን ያስረዱት ሙኒክን ጠቅሰው ነው። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና እጅግ ብዙ ቬትናማውያን አለቁ። ጦርነትን ያየ ሰው ለጦርነት አይቸኩልም ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ታሪክ ግን እንዲህ እንድል አይፈቅድልኝም።

ከዚያው ትውልድ «ይብቃ» ያሉም አሉ። በሴፕቴምበር 1970 ወታደሮቹ እንዲመለሱ የሚያስገድድ ማሻሻያ ለሴኔት ያቀረቡት ሁለቱ ሰዎች፣ ዴሞክራቱ ጆርጅ ማክገቨርንና ሪፐብሊካኑ ማርክ ሃትፊልድ፣ ሁለቱም የጦር ሰዎች ነበሩ። ሃትፊልድ የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው ሂሮሺማን ከአቶሚክ ቦምቡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አይተዋታል። ማክገቨርን በዚያ ቀን ለባልደረቦቻቸው ይህ አዳራሽ ደም ደም ይሸታል ብለው ነገሯቸው፤ ማሻሻያው በ55 ለ39 ወደቀ።

ማክገቨርን ጣሊያን ካለው የቼሪኞላ ጣቢያ እየተነሡ ቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን 35 ጊዜ አብርረዋል። እርሳቸው ሲተርኩት፣ አንድ ቀን ሲመለሱ ተቀርቅሮ የቀረው ቦምብ በአየር ላይ ሲለቀቅ በኦስትሪያ የገጠር ቤት ላይ ወደቀ። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ የገበሬ ልጅ ስለነበሩ ሳይሆን የቄስ ልጅ ሆነው በእርሻ አገር ስላደጉ፣ ቤተሰቡ በዚያ ሰዓት ለምሳ ማዕድ ቀርቦ እንደሚሆን ያውቃሉ። ጣቢያቸው ሲደርሱ የመጀመሪያ ልጃቸው መወለዷን የሚያበሥር መልእክት ጠበቃቸው። ያንን ቤት አርባ ዓመት ያህል በልባቸው ተሸክመውት ኖሩ፤ በ1980ዎቹ በኦስትሪያ ቴሌቪዥን ታሪኩን ሲናገሩ ግን የቤቱ ባለቤት ብቅ ብሎ፣ አውሮፕላኑን አይተን ሸሽተን ነበር፣ ማንም አልተጎዳም አላቸው። በ1972 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ስለ ውትድርናቸው እምብዛም አልተናገሩም፤ ተቃዋሚዎቻቸው ፈሪ ሲሏቸው እንኳ።

ዶል በዚያ ዘመን የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ምላሳቸውም ስለታም ነበር። በ1976 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲከራከሩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶችን «የዴሞክራት ጦርነቶች» ብለው እስከ መጥራት ደረሱ፤ እኔ እስከ ዛሬ የማልወድላቸው፣ እርሳቸውም በኋላ የተጸጸቱበት ንግግር ነው። ይሁንና በቀጣዩ ዓመት እኚሁ ሰው ከማክገቨርን ጋር ተቀምጠው፣ ድሃው ፉድ ስታምፕ የተባለውን የመንግሥት የምግብ መግዣ ኩፖን ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድደውን ደንብ ያስቀረውን ሕግ አወጡ። አንደኛው ራቡን ያዩት በጦርነቱ ጊዜ በኔፕልስ ወደብ በሚለምኑ ሕፃናት ፊት ላይ ነው፤ ሌላኛው በራስል የድርቅና የእጦት ዓመታት ቤተሰባቸው ምድር ቤት ወርዶ ላይኛውን ቤት አከራይቷል። በሁለቱ ስም የተሰየመው የትምህርት ቤት ምገባ መርሐ ግብር ከዓመታት በኋላ የእኛንም አገር ደርሷል፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ሕፃናት በትምህርት ቤት ትኩስ ምግብ የበሉበት ጊዜ አለ።

በዋሽንግተን የሚገኘው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ በ2004 ተመርቆ ከተከፈተ በኋላ፣ ገንዘቡን በማሰባሰብ የመሩት ዶል በቅዳሜ ቀን እዚያ እየተቀመጡ ከየግዛቱ የሚመጡ አረጋውያን ወታደሮችን ይቀበሉ ነበር። በመታሰቢያው ግድግዳ ላይ 4,048 የወርቅ ኮከቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ኮከብ መቶ ያህል ሙታንን ይወክላል። ኮከቦቹን መቁጠር የጀመረ እንግዳ ሁልጊዜ መካከል ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። በጃንዋሪ 2015 በኮንግረስ ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ የዚያ ጦርነት ወታደሮች ወንበራቸውን ለቀቁ። በዲሴምበር 2021 ዶል በ98 ዓመታቸው ሲያርፉ አስከሬናቸው ኢኖዌ በተኙበት በዚያው ክብ አዳራሽ አረፈ፤ በማግሥቱ ወደ ካንሳስ ከመሄዱ በፊትም መኪናው በመታሰቢያው በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ኮከቦቹ ካሉበት ግድግዳ አቅራቢያ ቆመ።