«ነርቭ ነው» ያልኩባቸው ወራት

በ2014 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ አለብሽ» ተብዬ ሦስቱንም ጊዜ መድኃኒት ወስጃለሁ። ትኩሳት አልነበረኝም። የነበረኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ የልብ ምት፣ ምግብ ሲቀርብ የሚዘጋ ጉሮሮ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ዘርግቼ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ እንኳ ምን እንደሚል አለመያዝ ነበር። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ስለሚውጠው፣ በዚያ ሰዓት ተነሥቼ ስንጎራደድ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ እንደማትሰማኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በኋላ እንደነገረችኝ ግን ሁሉንም ትሰማ ኖሯል።

እናቴ ያረፈችው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ለቅሶውን እድሩ ተሸከመው፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብርጭቆው መጣ፣ የሰፈሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ሴቶች ተራ ገብተው ቡና አፈሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻዬን አልተተውኩም። አርባዋ ወጣ፣ ሰማንያዋም ወጣ። እኔን የጣለኝ ሕመም የመጣው ሰው ሁሉ «ተጽናናች» ብሎ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ደግሞ የሚተከል ድንኳን የለም።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ «ነርቭ ነው» የሚል ነበር። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም በትክክል መግለጽ አልችልም፤ ጥቅሙ ግን ገብቶኛል። ነርቭ ያለበት ሰው የታመመው አካሉ ነው፤ እብድ አይባልም፣ ቤተሰቡም አይታማም፣ እህቶቹም ከትዳር አይቀሩም። አክስቴ በበኩሏ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ፣ ጎረቤቴ ቁርዓን የሚቀሩ ሼህ ዘንድ ልውሰድሽ አለችኝ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ አዘዘልኝ። ከእነዚህ ማንንም አልነቅፍም፤ የጠበሉ ስፍራ ጸጥታ ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሰጥቶኛል፣ ተልባውንም ጠጥቻለሁ። የምነቅፈው ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «እምነት ማጉደል ነው፣ ተወው» የሚለውን ሰው ብቻ ነው፤ እንደዚህ ያለ ምክር ሰምቶ የባሰበት የቅርብ ዘመድ ስላለኝ በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም።

አገራችን ለረጅም ዘመን የነበራት ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ስለነበረ፣ ስሙ ራሱ በሰፈር ጠብ መሃል ስድብ ሆኖ ያገለግላል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በልጅነቴ አንድ ጎረምሳ ታሞ ወደዚያ ተወሰደ ሲባል ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ፣ እኛ ልጆቹ የሞተ መስሎን ነበር። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የራሱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከከፋ፣ ከዳውሮና ከኢሉባቦር ሳይቀር ታማሚ ይመጣበታል፤ ዩኒቨርሲቲውም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ያሠለጥናል። ከቤቴ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያንን ሩብ ሰዓት ለመሄድ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

የመንገዱን መጀመሪያ ያሳየችኝ ሎስ አንጀለስ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ያውም ሳታስበው። አረጋውያን በሚጦሩበት ተቋም ትሠራለች፤ የሥራ ጓደኞቿ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን በስልክ «ነርቭ ነው» ስላት ሳቀችና እነርሱም ያንኑ ቃል እንደሚሉ ነገረችኝ፤ «ኔርቪዮስ» ይሉታል። በኀዘን ወይም በቤተሰብ ጠብ መሃል ድንገት ተነሥቶ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያስጮህ፣ ከደረት ወደ ራስ የሚወጣ ሙቀት ያለው ሲሆን ደግሞ «አታኬ ዴ ኔርቪዮስ» ይባላል። ጓደኞቿም ልክ እንደ እኔ ጨጓራቸውንና ራሳቸውን ሲታከሙ ይኖራሉ እንጂ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ሲባል «እብድ ነኝ እንዴ?» ብለው ይቆጣሉ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ እነዚህ ሰዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስለ ራስ ማንበብ ሲከብድ ስለ ሌላው ማንበብ ይቀላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው አራተኛው የምርመራ መመሪያ በመጨረሻው ክፍል ከየባህሉ የተሰበሰቡ የሕመም ስሞችን ይዘረዝራል። እዚያ ውስጥ አታኬ ዴ ኔርቪዮስ አለ፤ ድንጋጤ ነፍስን ከሥጋ ያስወጣል የሚባልበት «ሱስቶ» አለ፤ «ማል ዴ ኦሆ» የሚሉት የሰው ዓይንም አለ። ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ተራ የተጻፈ በመሆኑ ከሁሉም መጨረሻ የተቀመጠው የእኛው ዛር ነው። አክስቴ ጠበል የወሰደችኝ ምክንያት ሳይቀር እዚያ መዝገብ ላይ መገኘቱ ምን እንዳሰኘኝ ለማስረዳት ይቸግረኛል፤ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ይህን ሁሉ ብናገር የሚስቅብኝ እንደማይኖር ታየኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአሜሪካ ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ከ62 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። «ላቲንክስ» የሚለውን አዲሱን መጠሪያ ምሁራንና መገናኛ ብዙኃን ይወዱታል፤ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ሰዎቹን ጠይቆ በዚያው ዓመት ባወጣው ጥናት ግን ራሱን በዚህ ስም የሚጠራ ያገኘው 3 በመቶውን ብቻ ነው። ሰው ራሱን በማይጠራበት ስም የተጻፈ በር እንደማያንኳኳ ከራሴ አውቃለሁ። የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ «እድፍ ልብስ የሚታጠበው በቤት ነው» የሚል አባባል አላቸው፤ እኛ ገመና የምንለውን መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሐኪም ማጣት፣ የጤና መድን አለመኖር፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው የትኛውንም መሥሪያ ቤት መፍራቱ ይጨመርበታል፤ ይህኛው የእነርሱ ችግር ነው፣ ከእኛ ጋር ላመሳስለው አልፈልግም።

ቀልቤን የሳበው ግን «ፕሮሞቶራስ» የሚሏቸው ሴቶች ነገር ነው። ሐኪሞች አይደሉም፤ ከሰፈሩ የወጡ፣ የሰፈሩን ቋንቋና ወሬ የሚያውቁ፣ መጠነኛ ሥልጠና ወስደው ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤታቸውን ክሊኒክ ድረስ ይዘው የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በመላው አሜሪካ ሥራ የጀመረው 988 የተባለው የጭንቅ ጊዜ የስልክ መስመርም 2 ቁጥርን ሲጫኑት በስፓኒሽ ያነጋግራል፤ እህቴ እንደምትለው ግን የሥራ ጓደኞቿ ቁጥሩን የሚያውቁት ፕሮሞቶራ የሆነች ጎረቤት ስለነገረቻቸው ነው።

እኛ ዘንድ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ እኛ ቤት ሲመጡ የጠየቁኝ ስለ አጎበርና ስለ መጸዳጃ ቤት ነበር፣ እኔም ስለ እንቅልፌ አልነገርኳቸውም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በጠና ከታመሙት ሰዎች መካከል ሕክምና የሚያገኘው ከ10 አንዱ እንኳ እንደማይሆን ጽፏል። የቀሩት ዘጠኙ የት እንዳሉ ስትራቴጂ አያስፈልገኝም፤ በአዌቱ ወንዝ ዳር እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ሌሎቹ ደግሞ እንደኔ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ሥራ ገብተው ስለሚውሉ አይታዩም። (ወንዶቹን አልጨመርኩም፤ በከተማችን ወንድ ልጅ ሲጨንቀው ጫት ይዞ ይቀመጣል፣ ያሳስበው የነበረውም ነገር «ምርቃና» ተብሎ ያልፋል።)

የእኔ ፕሮሞቶራ የሰፈራችን ሲስተር ሆነች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ጅማ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ቀበሌ እየላከ ከሕዝቡ መሃል ያስተምር በነበረበት ዘመን የሠራች። ጎረቤቴ የሌሊት መንጎራደዴን እንደነገረቻት በኋላ ነው ያወቅሁት። አንድ ቅዳሜ መጥታ ስለ በሽታዬ ምንም ሳትጠይቅ፣ «ሰኞ የዓይን ቀጠሮ አለኝ፣ ደረጃውን ብቻዬን መውጣት አልችልም፣ ትሸኚኛለሽ?» አለችኝ። ሰኞ በባጃጅ ሄድን። ግቢው ውስጥ የተማሪዬን አባት አገኘሁትና «ሲስተርን ላሳክም መጥቼ ነው» አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። ዓይኗን ታየች፣ መነጽሯን በመሀረብ ጠረገች፣ ከዚያ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆማ፣ «አሁን ደግሞ የኔን ተራ ጨርሻለሁ» ብላ በስሜ ካርድ አወጣች።

ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት በኦሮምኛ ስለ ልጃቸው ያወሩ ነበር፤ ባለሙያው ከእርሳቸው ጋር በኦሮምኛ ጨርሶ እኔን በአማርኛ ተቀበለኝ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነበረው፤ እያንዳንዱ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ከ0 እስከ 3 የሚመለስ፣ ድምሩ ቢበዛ 27 የሚሆን። ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትኩረት እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ስለ ሞት ማሰብ ነው። እርሱን ሲጠይቀኝ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ሳይቀንስና ሳይጨምር፣ ልክ ስለ እንቅልፌ እንደጠየቀኝ አድርጎ ጠየቀኝ። ስምንት ወር ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ እንዲያ ተራ ነገር አድርጎ ሲያቀርበው አለቀስኩ፤ መልሴ «የለም» ነበር፣ ቢሆንም አለቀስኩ። እርሱ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

የእንቅርት ዕጢዬን በደም ምርመራ አሳየ፤ እርሱም ልብን እንደዚህ ያስመታል፣ መጀመሪያ ያ መሆኑን ማጥራት አለብን አለኝ። ነጻ ሆነ። ከዚያ በየጠዋቱ የምትዋጥ አንዲት እንክብል ታዘዘችልኝ፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ እንደሚያጋጥም፣ ሲሻለኝ በራሴ ፈቃድ በድንገት እንዳላቋርጣት ነገረኝ። ማቅለሽለሹ አንድ ሳምንት ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ነቃሁ፤ የነቃሁት በአዛን ነበር። ከኪኒኗ ሌላ በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ አወራ ነበር፣ በእኔ ግምት ግማሹን ሥራ የሠራው ያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ትእዛዝ ግን «ቡና ቀንሺ» የሚለው ነበር። የልብ ምት ያለበት ሰው ቡና መቀነሱ ያስኬዳል፤ ጅማ ውስጥ ግን ቡና አልጠጣም ማለት ከሰው ተለየሁ ማለት ነው። ለሁለት ወር አቦሉን ተቀብዬ ሲኒውን በእጄ እያሞቅሁ ቶናው እስኪመጣ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ጎረቤቴ አየችኝ፤ የታየ ነገር ደግሞ ይጠየቃል። «ለልቤ ነው» አልኩ። በሌላ ቀን «ለነርቭ ነው» አልኩ። ከገና በኋላ አንድ እሑድ፣ ከሰሉ ላይ ዕጣኑ ሲጨስ፣ «የድብርት ሕመም ይዞኝ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» አልኩ። ጎረቤቴ እርገብጋቢዋን አላቆመችም። «እና በረካውን ለሲስተር ልቅዳው?» አለች።

ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ሕክምና ክፍሉ ድረስ የሚሸኘው ሰው ላጣ አባል እድሩ የባጃጁን ይክፈል፣ ተራ ገብተንም እንሸኝ። ሰብሳቢው መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠው የሚለው ሞት ብቻ መሆኑን በአክብሮት አስረዱኝ። ሲስተር ከኋላ ሆና «ሞት እስኪመጣ እንጠብቃ?» አለች፤ ሰው ሳቀ፣ ነገሩም ለቀጣዩ ስብሰባ በይደር ተያዘ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲጽፉ ብዕራቸውን አንሥተው፣ «‹ለአእምሮ ሕመም› ልበል ወይስ ‹ለሕመም›?» ብለው ጠየቁኝ። ትንሽ አሰብኩና የመጀመሪያውን አልኳቸው። ጻፉት፤ ወደ ድንኳኑ እድሳት አለፍን።