አራተኛው ቤድ

ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ከገባሁ አራተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ነን። ጭስ ማውጫው ላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ሳይለወጥ የቀረው ሳል የሚያስነሣ ጋዝ፣ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ጋዙ የሚለወጠው በተከታታይ አራት ቤዶች ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ ቤድ የምንለው የካታሊስት፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥነው ነገር፣ ንብርብር ነው። አለቃችን መጣ፣ ቁጥሩን አየና «አራተኛው ቤድ ላይ ሙቀት ጨምሩ፤ ካታሊስቱ ደክሟል» አለ።

ኦፕሬተራችን ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«አንደኛው ቤድ ቢሆን እሺ። አራተኛው ግን ከዚህ በላይ ከሞቀ የተጋባው ይፋታል።»

«ካታሊስት እያለ እንዴት ይፋታል?»

«ካታሊስት ሽማግሌ ነው ጌታዬ። ሲያጋባም ሲያፋታም ያው ሽማግሌው ነው።»

አለቃችን ሳቀ። «ጨምሩ ብያለሁ» ብሎ ወጣ።

እኔ ጋሼ ያሉትን በደንብ አውቀዋለሁ። ካታሊስት የሚያፋጥነው ወደፊቱንም ወደኋላውንም እኩል ነው፤ ኢኩሊብሪየሙን፣ የሁለቱን ሚዛን፣ ከቦታው አያነቃንቀውም። የሚያነቃንቀው ሙቀቱ ነው። ዳይኦክሳይዱ አሲዱ ወደሚሠራበት ትራይኦክሳይድ ሲለወጥ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ በሞል 99 ኪሎ ጁል ገደማ። ከላይ ሙቀት ስትጨምርበት ወደኋላ ይመለሳል። ቤዱ አራት የሆነውም ለዚህ ነው። ካታሊስቱ፣ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ፣ ከ400 ዲግሪ በታች በቅጡ ስለማይሠራ ጋዙ አንደኛው ቤድ የሚገባው 420 አካባቢ ሆኖ ነው። ሲወጣ ግን 600 ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ገና ያልተለወጠ ጋዝ እያለ ለውጡ ይቆማል። ስለዚህ ይቀዘቅዝና ወደ ሁለተኛው ይገባል፣ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው። መጨረሻው ላይ የቀረችውን ትንሽ ጋዝ የሚያስለውጣት ዝቅ ያለ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ያን ሌሊት ግን አፌን አልከፈትኩም።

መግቢያውን ከ430 ወደ 470 አደረስነው። ጋሼ ዓይናቸውን ከሁለት ቁጥሮች ላይ አልነቀሉም፤ የአራተኛው ቤድ መግቢያና መውጫ። በደህናው ጊዜ ጋዙ ሲወጣ 5 ዲግሪ ያህል ሞቆ ነው። ልዩነቱ 3 ሆነ። ከዚያ 1። ከዚያ ሁለቱ እኩል መጡ።

«አየህ ልጄ? ቤዱ ሥራ አቆመ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ብዙም ሳይቆይ የበሩ ጥበቃ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ይዞ እያሳለ መጣ። ጋሼ የማንንም ትእዛዝ አልጠበቁም። ጋዙን በሌላ መንገድ የሚያሳልፈውን የባይፓሱን ቫልቭ ከፈቱና ጋዙን ማቀዝቀዝ ጀመሩ። ያቺ 5 ዲግሪ የተመለሰችው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ጠዋት ሪፖርት ተጻፈ። «ኦፕሬተሩ የቤዱን ሙቀት በወቅቱ አልተቆጣጠሩም» ይላል። ሙቀት ይጨመር ያለው ማን እንደሆነ አንድ ቃል የለበትም። በፈረቃው የነበርን ሁላችን እንድንፈርም ተጠየቅን። ፈረምኩ።

ጋሼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያቸውን ሲቀበሉ አጠገባቸው ነበርኩ። አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወደኔ አልዞሩም።