ኦዲሴየስና የአባቱ ዛፎች

ሰው ስለ ኦዲሲ፣ ስለ ሆሜር የጥንት የግሪክ ግጥም፣ ሲያወራ ባለ አንድ ዓይኑን ግዙፍና የባህሩን ማዕበል ነው የሚያነሳው፣ እኔን ግን ሰሞኑን እንደገና ሳነበው የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ የግጥሙ ጀግና ኦዲሴየስ ያለ ኢታካ፣ ያለ አገሩ ደሴት፣ ማን እንደሆነ ራሱም መናገር አይችልም። በመንገዱ የተቀበሉት የፋያክያ ሰዎች ፊት ስሙን ሲናገር ወዲያው የአባቱን ስም፣ ከዛ ደሴቲቷን፣ ከዛ ኔሪቶን የሚባለውን ተራራዋን ይጠራል፣ ድንጋያማ ናት ግን ጎበዝ ልጆች ታሳድጋለች ይላል። ካሊፕሶ የምትባል አምላክ ደሴት ላይ 7 ዓመት ሲቀመጥ እኮ እኔ ጋ ከቀረህ አትሞትም አታረጅም ብላው ነበር፣ እሱ ግን ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ከአገሩ የሚወጣ ጭስ እንኳን ቢያይ በቃው። ላኤርቴስ የሚባል አባት እንዳለው ማንም በማያውቅበት ደሴት ለዘላለም መኖር ምን ያደርግለታል?

ለጦርነት ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ፔኔሎፔ ዝም ብላ አላመነችውም። ሞግዚቷን አልጋውን ከመኝታ ቤት አውጥተሽ አንጥፊለት ስትላት ሰውዬው ደሙ ፈላ፣ ማነው አልጋዬን ያነሳው አለ፣ ምክንያቱም አንዱ የአልጋው እግር ከነስሩ መሬት ውስጥ ያለ የወይራ ግንድ ነው፣ ክፍሉንም ዛፉ ዙሪያ በድንጋይ የሠራው ራሱ ነው። ጉልበቷ የከዳት ይሄን ስትሰማ ነው።

የአባቱ ግን ይብሳል። ሽማግሌው የተጣፈ ልብስ ለብሶ፣ እሾህ እንዳይወጋው ጓንት አጥልቆ፣ የተክል ስር ሲኮተኩት ያገኘዋል። ልጄ ከሆንክ ምልክት አሳየኝ ሲለው መጀመሪያ ፓርናሶስ ተራራ ላይ ከርከሮ የወጋውን ጠባሳ ያሳየዋል፣ ቀጥሎ ዛፎቹን ይቆጥርለታል፦ ልጅ ሆኜ ኋላ ኋላህ እያልኩ ስጠይቅህ የሰጠኸኝ 13 ፒር፣ 10 አፕል፣ 40 በለስ፣ 50 መስመር ወይን። እዚህ ጋ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ድሮ አሌክሳንድሪያ የነበሩ ሊቃውንት የግጥሙ መጨረሻ ባልና ሚስቱ አልጋቸው ጋ ሲደርሱ ነው ብለው ነበር፣ የቀረው በኋላ የተጨመረ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን በፍጹም አልቀበልም፣ እዛ ላይ ቢያልቅ ኦዲሴየስ ባል ሆኖ ንጉሥ ሆኖ ተመልሷል፣ የላኤርቴስ ልጅ ሆኖ ግን አልተመለሰም ነበር።