በባሕር ዳር 50 ጫጩት በመብራት ማሳደግ፦ አምፖሉ፣ ሙቀቱና መብራት የጠፋ ሌሊት

የአንድ ቀን ጫጩት ገና ላባ አላበቀለችም። የራሷን ሙቀት በወጉ መያዝ የምትጀምረው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆናት ነው። «ባሕር ዳር ሞቃት ናት፣ ጫጩት ምን ያደርጋታል?» የሚል ሰው ቀኑን ብቻ ነው የሚያስበው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጥቶ ያየ ብርዱን ያውቀዋል።

ለ50 ጫጩት ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን አጥር በክብ አቆማለሁ፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 ነው። የጀመርኩት በአራት ማዕዘን ሳጥን ነበር፤ ስህተት ነው። ሲበርዳቸው ጥግ ይይዙና ይደራረባሉ፣ ከሥር የዋለችው ታፍና ትሞታለች። ወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሩዝ ገለባ አነጥፋለሁ። ሩዝ አምራቹ ፎገራ ቅርብ ስለሆነ ለእኛ ከዚህ የሚቀል ንጣፍ የለም። ደቃቅ ሰጋቱራ አልወድም፤ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ጋዜጣ ብቻውን ደግሞ ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ የቆመች ጫጩት እግሯ ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል።

አምፖሉ ባለ 250 ዋት የሙቀት አምፖል ነው፤ ቀዩን እመርጣለሁ። ደማቅ ነጭ ብርሃን እርስ በርስ መነካከስን ያባብሳል። ሱቅ ውስጥ የሚበዛው ኤልኢዲ ቤት ያበራል እንጂ ጫጩት አያሞቅም። ፖርታላምፓው (የአምፖሉ መያዣ) የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። አምፖሉን በኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይሆን በሰንሰለት ነው የማንጠለጥለው፤ ገለባ ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል። መጀመሪያ ከንጣፉ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን አደርገዋለሁ፤ የሞቃት ጫጩት መሸሻ ካላገኘች ሙቀትም ይገድላታል። ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ወጪ ስታሰሉ አትርሱት።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው 24 ሰዓት በፊት አበራዋለሁ። አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ወለሉ ግን ይዘገያል። ከገቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዷን አንስቼ እግሯን ጉንጬ ላይ አስነካለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ወለሉ አልሞቀም ማለት ነው። ለብ ያለ ውኃ ከመኖ ይቀድማል፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በሊትር 50 ግራም ስኳር እበጠብጥበታለሁ። የደከሙትን አፋቸውን ነከር አድርጌ አስለምዳቸዋለሁ። በሳህን የምታጠጡ ከሆነ ጠጠር ጨምሩበት፤ አለበለዚያ ይሰጥማሉ። የጫጩት መኖውን በመጀመሪያው ቀን በእንቁላል ካርቶን ላይ እበትናለሁ። በማግስቱ ጠዋት ጉሮሯቸው ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣት እዳስሳለሁ፤ ሞልታ ለስለስ ያለች መሆን አለባት። ባዶ ከሆነች ጫጩቷ መኖውን አላገኘችውም፤ ደረቅ ከሆነች ደግሞ ውኃ አልጠጣችም።

ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማንበብ ራስን ማታለል ነው። እኔ የምለካው በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ፣ ከንጣፉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ አምፖሉን ከፍ እያደረግሁ 3 ዲግሪ ያህል እቀንሳለሁ፣ 21 እስኪደርስ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ግን ጫጩቶቹን አምናለሁ። አምፖሉ ሥር ተከማችተው ከጮኹ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው ዳር ከያዙ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ በተቃራኒው በኩል ነፋስ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነፍሰውን ለመከልከል በመስኮቱ ግርጌ ማዳበሪያ ከረጢት እወጥራለሁ፣ ላዩን ግን ክፍት እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፦ መብራት ሲጠፋ። ብዙ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ያስገባል። ፍሙ ከቀላ ጭስ የለውም ይባላል፤ የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ጫጩቱንም ሰውንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ውኃ በፔርሙዝ አዘጋጅቼ አድራለሁ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሁለት፣ በሙቅ ውኃ (በፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል) ሞልቼ በጨርቅ እጠቀልላለሁ፤ አጥሩን አጥብቤ ጫጩቶቹን በጀሪካኖቹ ዙሪያ እሰበስባለሁ። ላዩን በነጠላ እሸፍንና አንድ ወገን ገለጥ አደርጋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ይታፈናሉ። ውኃውን በየሦስት ሰዓቱ እቀይራለሁ። ቀላሉ መላ የሰው እንቅልፍ ነው የሚያስከፍለው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የክፍሉ መብራት ሌሊትም አይጠፋም፣ መኖና ውኃ እንዲለምዱ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀትር ላይ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ አወጣቸዋለሁ። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጭልፊትና ድመት ስላሉ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ።

ክረምት ላይ ትልቁ ጠላት እርጥብ ንጣፍ ነው። በውኃ መጠጫው ዙሪያ የራሰውን በየቀኑ እለቅማለሁ፤ ጎንበስ ስል ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓይኔን ካቃጠለኝ እኔ ዘግይቻለሁ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

የፈንግል ክትባት፣ ኤችቢ ዋን የሚባለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ ጉምቦሮ ለሚባለው ሌላ የዶሮ በሽታ የሚሰጠውን ክትባትና የላሶታን (ሌላው የፈንግል ክትባት) ቀን ሐኪሙ ይወስናል። ክትባቱ በበረዶ ፔርሙዝ መጓጓዝ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይደፋል። አንድ ብልቃጥ ከ50 ጫጩት በላይ ስለሚበቃ ጫጩት ካላቸው ጎረቤቶቼ ጋር ቀን ቆርጠን በጋራ እንከትባለን።