ኤማ ስሚዝን ሳስብ

የሞርሞን ሃይማኖት ማዕከል በሆነችው የአሜሪካ ከተማ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ መኖሬን የሰሙ ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ «እውነት እዚያ አንድ ወንድ ብዙ ሴት ያገባል?» ዋናው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1890 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአዋጅ ማቆሙን፣ ከ1904 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለ ጋብቻ የሚፈጽመውን ከአባልነት እስከ መሰረዝ መድረሱን እነግራቸዋለሁ። እኔን ግን የሚያብሰለስለኝ የወንዶቹ ነገር አይደለም፤ የመሥራቹ የጆሴፍ ስሚዝ ሚስት የኤማ ነገር ነው።

እኅትማማቾቹ ኤሚሊና ኤላይዛ ፓርትሪጅ በኤማ ቤት ይኖሩ ነበር። በ1843 መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ለጆሴፍ በምስጢር ተዳሩ። ከወራት በኋላ ኤማ በብዙ ጭንቅ እሺ ብላ፣ መሆኑ ካልቀረ ብላ የመረጠችው እነዚህኑ ልጆች ነበር። ያለቀ ጋብቻ እንዳልነበረ ሆኖ በፊቷ እንደገና ተፈጸመ። ብዙም ሳይቆይ አልቻለችም፤ ከቤት እንዲወጡላት አለች። ጣውንቶቿን ራሷ መርጣ የዳረች የመሰላትን ያችን ሴት ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ጆሴፍ ብዙ ሚስት ማግባትን የሚፈቅደውን ራእይ አስጻፈ። ጽሑፉን ወደ ኤማ ይዞ የሄደው ወንድሙ ሃይረም ነበር። እርሷም አንዲት ቃል እንደማታምን ተናገረች፤ ራእዩን ከጆሴፍ ቃል የጻፈው ጸሐፊው ዊልያም ክሌይተን በዕለት ማስታወሻው አስፍሮታል። በራእዩ ውስጥ ኤማ በስሟ ተጠርታ፣ ትእዛዙን ካልተቀበለች እንደምትጠፋ ተጽፎ ነበር። በባሏ አንደበት እግዚአብሔር እንዲህ አለሽ የተባለች ሴት አቤት የምትለው ለማን ነው?

ጆሴፍ በ1844 ሲገደል ብሪገም ያንግ አብዛኛውን ሕዝብ ወደ ዩታ መራ። ኤማ ከባሏ ጋር በኖረችበት የኢሊኖይ ከተማ በናቩ ቀረች። ልጇ ጆሴፍ ሣልሳዊ በ1860 ብዙ ሚስት ማግባትን የሚያወግዘው ቅርንጫፍ መሪ ሆነ፤ ዛሬ የክርስቶስ ማኅበረሰብ ይባላል። በ1879፣ ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ልጆቿ ሲጠይቋት ባሏ ከእርሷ ሌላ ሚስት እንዳልነበረው ነገረቻቸው። ዋሸች የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን አልፈርድባትም፤ ያንን ሁሉ ካሳለፈች በኋላ ለልጆቿ ልታተርፍላቸው የቻለችው አባት ያ ነበር።

የ1890ውን አዋጅ ክህደት ነው ብለው የተለዩትም አሉ። በ1953 የአሪዞና መንግሥት ሾርት ክሪክ የተባለችውን መንደራቸውን ወርሮ ከ200 በላይ ሕፃናትን ከቤታቸው ወሰደ። ከእነዚሁ ወገኖች የአንዱ መሪና «ነቢይ» የነበረው ዋረን ጄፍስ ደግሞ ሕፃናት ልጃገረዶችን «ሚስት» አድርጎ በመድፈሩ በ2011 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። መንግሥትም ነቢይም የጨከኑት በእነዚያው ሴቶችና ሕፃናት ላይ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

በዋናው ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሁለተኛዋንም በቤተ መቅደስ ለዘለዓለም፣ ከሞት በኋላም እንዲጸና፣ ሊያገባት ይችላል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን በሕይወት እያለች ይህ አይፈቀድላትም። የሥራ ባልደረባዬ ባሏ ከሟች ሚስቱ የወለዳቸውን ልጆች አሳድጋለች፤ የሟቿንም ፎቶግራፍ ከሳሎኗ አላወረደችም። «እዚህ ብቸኛ ሚስቱ ነኝ፤ እዚያስ?» አለችኝ አንድ ቀን። የሃይማኖቷ ሰው ስላልሆንኩ የምመልስላት አልነበረኝም። ብትጠይቅ የእምነት ማነስ እንዳይመስልባት ስለምትፈራ፣ ለባሏ እንኳ አንስታው አታውቅም።